ኢሜጅ የምናነሳበት ሊኑክስ የአዲሶቹን ላፕቶፖች ዲስክ አላይ አለ፤ የማከማቻ ድራይቨር የሚጨመረው በምን መንገድ ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ብዛት ያላቸውን ኮምፒውተሮች የዲስክ ኢሜጅ (ሙሉ ቅጂ) እያነሳን መልሰን የምናሰራጭበት፣ በራሳችን ያሰናዳነው አነስተኛ ሊኑክስ አለን። ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ይነሳል፤ ግራብ የተባለው አስነሺ ፕሮግራም ከሰርቨሩ አንድ የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ፋይልና አንድ ኢኒትራምኤፍኤስ (ከርነሉ ሲነሳ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ የፋይሎች ጥቅል) ያወርዳል፤ ከዚያም በኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ ያለው ስክሪፕት ዲስኩን ፈልጎ ፓርትክሎን በተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም አማካይነት ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍልፋዮች) አንድ በአንድ ወደ ሰርቨሩ ይገለብጣል፣ ወይም ከሰርቨሩ አምጥቶ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ይህ አሠራር ሳታ ዲስክ ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ለዓመታት ያለ እንከን ሲያገለግለን ቆይቷል።

ችግሩ የጀመረው 11ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰርና ኤንቪኤምኢ የተባለው አዲስ ዓይነት ማከማቻ ያላቸው ላፕቶፖች ሲመጡልን ነው። ከርነሉ በእነርሱም ላይ ይነሳል፣ ኔትወርኩም ይሠራል፤ ስክሪፕቱ ግን ዲስክ አልተገኘም ብሎ ይቆማል። ዲስኮችን የሚዘረዝረውን የኤልኤስቢኤልኬ ትእዛዝ ሳስኬድ የሚያሳየኝ የጫንኩትን የዩኤስቢ ፍላሽ ብቻ ነው። የላፕቶፑ ዲስክ ጤነኛ ለመሆኑ ግን ጥርጥር የለኝም፤ ከፋብሪካ የተጫነው ዊንዶውስ በደንብ ይነሳል።

እስካሁን የሞከርኩትን ልግለጽ። በመጀመሪያ ከርነሉ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ከ4.19 ወደ 6.1 አሳደግሁት፤ የቀድሞውን የኮንፊግ ፋይል ይዤ፣ አዲስ የተጨመሩትን ምርጫዎች ኦልድዴፍኮንፊግ በተባለው ትእዛዝ በነባሪ ዋጋቸው አስሞልቼ ገነባሁት። የኤንቪኤምኢ ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ እንዲካተት መመረጡንም አረጋግጫለሁ። ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ ቪኤምዲ የሚባል ድራይቨር እንደሚያስፈልግ ስላነበብኩ ሜኑኮንፊግ በተባለው የከርነል ምርጫዎች ማውጫ የማከማቻ ክፍሎች ሁሉ ውስጥ ፈለግሁት፤ አጣሁት። ስለዚህ መስመሩን በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ በእጄ ጻፍኩት። ኦልድዴፍኮንፊግን ደግሜ ሳስኬድ ግን የጻፍኩት መስመር ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጠፋ። ይህ ሦስት ጊዜ ደረሰብኝ።

በባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ሳጠፋ ዲስኩ ወዲያውኑ ለሊኑክሱ ይታያል። ነገር ግን የተጫነው ዊንዶውስ ያን ጊዜ የማስነሻ ዲስኩን ማግኘት አልቻልኩም በሚል ሰማያዊ ገጽ ይቆማል፤ ከዚህም ሌላ በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ባዮስ ውስጥ በእጅ እየገቡ መቀያየር ለእኛ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ከርነል እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) በሁሉም ላይ ጠፍቷል። ለጉዳዩ ይጥቀም አይጥቀም ባላውቅም፣ ከርነሉ ሲነሳ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ ላይ ከከርነሉ ጋር የ32 እና የ64 ቢት አለመጣጣም ስላለ የኢኤፍአይ (የኮምፒውተሩ ማስነሻ ፈርምዌር) አገልግሎት አይኖርም የሚል መልእክት አያለሁ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ድራይቨሩ መጨመር ያለበት በከርነሉ ውስጥ ነው ወይስ በሞጁልነት (ለብቻው በሚጫን ፋይልነት) በኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ? የጻፍኩት መስመርስ ለምን ይጠፋል?

ምላሽ 1

የችግርዎ ቁልፍ ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም ብለው በመጨረሻ በጠቀሱት መልእክት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ዲስኩ የማይታይበትን ምክንያት ደረጃ በደረጃ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዲስክ አልተገኘም የሚለው ቃል የተለያዩ ጉድለቶችን አንድ ዓይነት አስመስሎ ያቀርባቸዋል።

አንድ የኤንቪኤምኢ ዲስክ በተለመደው አኳኋን ሲሠራ ራሱን የቻለ የፒሲአይ (የመሣሪያዎች ማገናኛ መስመር) መሣሪያ ነው። ከርነሉ የፒሲአይ መስመሩን ሲያስስ ያገኘዋል፣ የምድብ ቁጥሩ 0108 መሆኑን ያያል፣ ከዚያም የኤንቪኤምኢ ድራይቨርን ያገናኘዋል። ይህ ድራይቨር በሊኑክስ ውስጥ ከ2012ቱ የ3.3 ከርነል ጀምሮ ስላለ የእርስዎ ከርነል አላጣውም። ቪኤምዲ ሲበራ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቪኤምዲ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አካል ሲሆን ዲስኮቹ የተሰኩባቸውን የፒሲአይ በሮች ከኋላው ይሰበስባቸውና ለስርዓቱ ራሱን ብቻ ያሳያል። ከርነሉ የሚያገኘው አንድ ምድቡ 0104 የሆነ፣ ማለትም የሬይድ (ዲስኮችን የማጣመሪያ ዘዴ) መቆጣጠሪያ ተብሎ የተመዘገበ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ከዚህ መጋረጃ ጀርባ ነው ያለው። የኤንቪኤምኢ ድራይቨሩ በቦታው አለ፣ ነገር ግን የሚገናኘው መሣሪያ አልቀረበለትም።

የቪኤምዲ ድራይቨር ሥራ እንግዲህ መጋረጃውን መግለጥ ነው። ከዲስኩ አንዲት ባይት እንኳ አያነብም፤ የሚያደርገው ከበሮቹ ጀርባ ያለውን እንደ አዲስ የፒሲአይ ግዛት አድርጎ ለከርነሉ ማስረከብ ነው፤ ዲስኩን የሚያሠራው መደበኛው የኤንቪኤምኢ ድራይቨር ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግዎት ሁለቱም ናቸው። በማከማቻ ክፍሎች ውስጥ ፈልገው ያጡትም ለዚህ ነው፤ ቦታው በድራይቨሮች ስር፣ በፒሲአይ ድጋፍ ውስጥ፣ በፒሲአይ መቆጣጠሪያ ድራይቨሮች ዝርዝር ውስጥ ሲሆን ኢንቴል ቮሊዩም ማኔጅመንት ዲቫይስ ድራይቨር በሚል ስም ተጽፏል። በከርነሉ ውስጥ ከ2016ቱ የ4.5 ቅጽ ጀምሮ አለ።

ከመገንባትዎ በፊት ግን መሣሪያው በእርግጥ ቪኤምዲ መሆኑን ያረጋግጡ። የፒሲአይ መሣሪያዎችን የሚዘረዝረውን የኤልኤስፒሲአይ ትእዛዝ የመለያ ቁጥሮችን ጨምሮ እንዲያሳይ አድርገው ያስኪዱትና 0104 የሚል ምድብ ያለበትን መስመር ይፈልጉ። በ11ኛው ትውልድ ላፕቶፖች ላይ 8086፡9ኤ0ቢ የሚል መለያ ካገኙ ቪኤምዲ ነው፤ 8086 የኢንቴል የአምራች ቁጥር ነው። ከእርሱ ጋር 8086፡09ኤቢ የሚል መለያ ያለው ሌላ መሣሪያ ቢያዩ በቪኤምዲ የተያዘውን በር ቦታ የሚይዝ ምልክት ብቻ ስለሆነ ለእርሱ ድራይቨር ፍለጋ አይድከሙ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ከቪኤምዲ በፊት በነበሩ ኮምፒውተሮች ላይ መልኩ ተመሳሳይ፣ ውስጡ ግን ፈጽሞ የተለየ ሌላ ችግር ስላለ ነው። በእነዚያ ላይ ባዮሱ ማከማቻውን በሬይድ ሁኔታ ሲያደርገው የኤንቪኤምኢ ዲስኩ በሳታ መቆጣጠሪያው ስር ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ መለያው ብዙውን ጊዜ 8086፡2822 ይሆናል። ያን ጊዜ የኤኤችሲአይ (የመደበኛው የሳታ አሠራር) ድራይቨር ራሱ በከርነሉ መዝገብ ውስጥ ይህን ያህል የተዛወሩ የኤንቪኤምኢ መሣሪያዎች አግኝቻለሁ፣ ለመጠቀም ባዮሱን ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይሩ ብሎ ይጽፋል። ለዚህኛው በዋናው ከርነል ውስጥ ድራይቨር የለውም፤ በባዮስ ከመቀየር በቀር መንገድ የለም። ሰዎች ሁለቱን አምታተው ለቀናት ከርነል ሲገነቡ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጠፋው መስመር እንመለስ። ኦልድዴፍኮንፊግ ቅድመ ሁኔታው ያልተሟላ ምርጫ ሲያገኝ ያለ ምንም ንግግር ይሰርዘዋል። በሜኑኮንፊግ ውስጥ የኋልዮሽ ያልሆነችውን ያጋደለች ሰረዝ ይጫኑና ቪኤምዲ ብለው ይፈልጉ፤ በማውጫው ላይ የማይታይ ምርጫም ቢሆን በፍለጋው ይገኛል፤ ከስሩም የሚፈልጋቸው ቅድመ ሁኔታዎች እያንዳንዳቸው አሁን ካላቸው ዋጋ ጋር ተጽፈው ያገኛሉ። የሚያገኙትን እዚህ ይጻፉልን። እኔ የምጠረጥረውን ነግሬዎት እንዲያዩ ከማደርግ ይልቅ ራስዎ አይተው ቢነግሩን ይሻላል።

ከጠያቂው

እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ከልብ አመሰግናለሁ። በኤልኤስፒሲአይ ላይ 0104 የሚል ምድብና 8086፡9ኤ0ቢ የሚል መለያ ያለው መሣሪያ አለ፤ ሲታይም ምንም ድራይቨር አልተያያዘበትም። ያ ያሉት 09ኤቢም ከአጠገቡ አለ። የኤኤችሲአይን መልእክት በመዝገቡ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

በሜኑኮንፊግ ፍለጋው ቪኤምዲን አገኘው፤ ከስሩ ያለው መስመር ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ለኤምኤስአይ፣ ማለትም በመልእክት ለሚላክ ማቋረጫ ያለው ድጋፍ፣ ዋጋው አዎ ነው። ዩኤምኤል የተባለው ኪነ ሕንጻ አለመሆኑን ይጠይቃል፤ እርሱም ተሟልቷል። ኤክስ86-64 የሚለው፣ ማለትም ባለ 64 ቢቱ ኪነ ሕንጻ፣ ግን አይ ይላል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህን ስርዓት መጀመሪያ ያሰናዳው የሥራ ባልደረባዬ የቆዩትን ኮምፒውተሮችም እንዲያስነሳ ብሎ ከርነሉን በ32 ቢት ነበር የሠራው፤ እኔም የኮንፊግ ፋይሉን ሳልመረምር ከቅጽ ወደ ቅጽ ይዤው ስዘዋወር ኖሬያለሁ። ስለ ኢኤፍአይ አለመጣጣም የሚናገረው መልእክትም ይህንኑ ሲነግረኝ ነበር ማለት ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ በኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች፣ ፓርትክሎንን ጨምሮ፣ ሁሉም ባለ 32 ቢት ናቸው። ከርነሉን ብቻ ወደ 64 ቢት ብለውጥ ይሠራሉ? ወይስ ሁሉንም እንደገና መገንባት ይኖርብኛል?

ምላሽ 2

የቀደመው መላሽ የመራዎት መንገድ ትክክለኛ ስለሆነ ከእርሱ ልቀጥል። ከርነሉን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ባለ 64 ቢት ከርነል ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ማስኬድ ይችላል፣ ነገር ግን ይህ ችሎታ በኮንፊግ መመረጥ አለበት። በሜኑኮንፊግ አናት ላይ ባለ 64 ቢት ከርነል የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያም የሁለትዮሽ ፕሮግራሞችን ማስመሰልን በሚመለከተው ክፍል ውስጥ አይኤ32 ኢሙሌሽን የሚለውን ያብሩ። ይህን ሁለተኛውን ከዘነጉት ከርነሉ በደንብ ይነሳና የመጀመሪያውን ፕሮግራም፣ ኢኒትን፣ ሲያስጀምር ስህተት 8 ከነመቀነስ ምልክቱ ጽፎ ይወድቃል። ይህ ቁጥር የቀረበልኝ ፋይል ላስኬደው የምችለው ዓይነት አይደለም ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ኢኒትራምኤፍኤሱ የተበላሸ መስሎት በከንቱ እንደገና ያሽገዋል።

ከ32 ወደ 64 ሲያልፉ የኮንፊግ ፋይሉን ማመን የለብዎትም። በርካታ ምርጫዎች በሁለቱ ኪነ ሕንጻዎች መካከል ቅድመ ሁኔታቸው ይለያያል፤ ስለዚህ ቀድሞ የነበሩት የኔትወርክ ካርድ ድራይቨሮች፣ የዩኤስቢ ድጋፍና የፋይል ስርዓቶች አሁንም መኖራቸውን የድሮውንና የአዲሱን ፋይል ጎን ለጎን አስተያይተው ያረጋግጡ። ዲስኩ ታይቶ ኔትወርኩ ቢጠፋ ያው ባዶ እጅ መቅረት ነው።

በከርነሉ ውስጥ ወይስ በሞጁልነት ለሚለው ጥያቄዎ እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው በከርነሉ ውስጥ እንዲያደርጉት ነው። ለብዙ ተጠቃሚ የሚሠራጭ ስርዓት ድራይቨሮችን በሞጁልነት የሚያቀርበው ማን ምን መሣሪያ እንዳለው ስለማያውቅና ማህደረ ትውስታ መቆጠብ ስላለበት ነው። የእርስዎ ከርነል ግን የሚኖረው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ዲስኩን ገልብጦ ይጠፋል። በሞጁልነት ካደረጉት ሞጁሉ በኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ በትክክለኛው የቅጽ ስም በተሰየመ ማህደር መቀመጥ፣ የጥገኝነት ዝርዝሩ በዴፕሞድ ትእዛዝ መዘጋጀት፣ መሣሪያው ሲገኝም ሞጁል ጫኙን ሞድፕሮብን የሚጠራ አካል መኖር አለበት። ከርነሉን ዛሬ ገንብተው ሞጁሎቹን የትናንቱን ቢተዉ ደግሞ የቅጽ ማኅተማቸው ስለማይገጥም ከርነሉ አይቀበላቸውም። በከርነሉ ውስጥ ሲሆን ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም፤ ኢኒትራምኤፍኤሱንም መንካት አያስፈልግዎትም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቪኤምዲ በከርነሉ ውስጥ ሆኖ ኤንቪኤምኢ በሞጁልነት ቢቀር፣ ሞጁሉም ካልታሸገ፣ በኤልኤስፒሲአይ ላይ ዲስኩ በግልጽ እየታየ የዲስክ ፋይሉ ግን የማይፈጠርበት ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ይፈጠራል። ሁለቱንም በአንድነት በከርነሉ ውስጥ ያድርጓቸው። እጅዎ ከገባ አይቀር ለኢኤምኤምሲ (በቦርዱ ላይ ለተበየደ) ማከማቻ የሚያስፈልጉትን የኤስዲኤችሲአይ ድራይቨሮችም፣ በፒሲአይም በኤሲፒአይም የሚገኙትን፣ ከኤምኤምሲ የብሎክ ድራይቨር ጋር ቢጨምሩ መልካም ነው፤ አነስተኛ ላፕቶፖች ሲመጡ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው እንዳይመለሱ ነው።

ኢኒትራምኤፍኤሱን የግድ መቀየር የሚኖርብዎት ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም ለመጨመር፣ እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ቀን ያጠፋሁበትን ጉዳይ ልንገርዎት። ኢኒትራምኤፍኤሱን ፈትቼ፣ ፋይሉን ጨምሬ፣ መልሼ በፋይል ማሸጊያው በሲፒአይኦ ሰብስቤ በማመቂያው በኤክስዜድ አመቅሁት። በጠረጴዛዬ ላይ ስፈታው በትክክል ይፈታል፤ ከርነሉ ግን የታመቀው ይህ ፈቺ በማይደግፈው አኳኋን ነው እያለ እምቢ አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የኤክስዜድ ፕሮግራም ካልተነገረው በቀር የፋይሉን ትክክለኛነት መፈተሻ በሲአርሲ64 ያደርጋል፤ በከርነሉ ውስጥ ያለው ፈቺ የሚያውቀው ግን ሲአርሲ32ን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲያምቁ መፈተሻው ሲአርሲ32 እንዲሆን በግልጽ ማዘዝ ያስፈልጋል። የሲፒአይኦውም ቅርጽ ኒውሲ የተባለው መሆን አለበት።

ሴኪዩር ቡት ጠፍቷል ማለትዎ ነገሩን ያቀለዋል። ቢበራ ኖሮ በራስዎ የገነቡት ከርነል ፊርማ ስለሌለው አይነሳም ነበር፤ ወደፊት ማብራት ካሰቡ የራስዎን ቁልፍ አዘጋጅተው ከርነሉን መፈረምና ቁልፉን በየኮምፒውተሩ ማስመዝገብ ይጠበቅብዎታል።

ከጠያቂው

ከርነሉን በ64 ቢት ገንብቼ፣ አይኤ32 ኢሙሌሽንን አብርቼ፣ ቪኤምዲንና ኤንቪኤምኢን በውስጡ አድርጌ አስነሳሁት። ዲስኩ ታየ! በከርነሉ መዝገብ ውስጥ ቪኤምዲ ወደ ግዛት 10000 የሚወስድ ድልድይ መክፈቱን የሚገልጽ መስመር አለ፤ ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ኤንቪኤምኢ0 ይመጣል። በኤልኤስፒሲአይም ላይ ዲስኩ አድራሻው በ10000 የሚጀምር ሆኖ ተመዝግቧል። ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ በ0000 የሚጀምሩ ስለሆነ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ስክሪፕቱ ዲስኩን አገኘ፣ የፓርቲሽን ሰንጠረዡን አነበበ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ፓርቲሽን ሊከፍት ሲል እንዲህ ያለ ፋይል የለም ብሎ ቆመ። ሲፈልግ የነበረው ኤንቪኤምኢ0ኤን11 የሚባል ነገር ነው። በተጨማሪም ከአምስት ሙከራ በአንዱ ያህል ዲስኩ ጭራሽ አልተገኘም ይላል፤ ስክሪፕቱን በእጄ ደግሜ ሳስኬደው ግን ያገኘዋል።

ምላሽ 3

ሁለቱም የስክሪፕቱ እንጂ የድራይቨሩ ችግሮች አይደሉም። በሳታ ዲስኮች ላይ የዲስኩ ስም በፊደል ስለሚያልቅ፣ ኤስዲኤ እንደሚባለው፣ የፓርቲሽኑ ቁጥር በቀጥታ ይቀጠልበታል፤ ኤስዲኤ1 ይሆናል። የዲስኩ ስም በቁጥር ሲያልቅ ግን ከርነሉ ሁለቱ ቁጥሮች እንዳይደባለቁ በመካከላቸው ፒ የምትባለውን ፊደል ያስገባል። ስለዚህ የኤንቪኤምኢ0ኤን1 የመጀመሪያ ፓርቲሽን ኤንቪኤምኢ0ኤን1ፒ1 ነው፤ በኢኤምኤምሲ ላይም ኤምኤምሲቢኤልኬ0ፒ1 ይሆናል። የእርስዎ ስክሪፕት ቁጥሩን በስሙ ላይ እየለጠፈ ነው። ደንቡን በስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ ይቻላል፤ ከዚያ የተሻለው ግን ስም መገንባትን ፈጽሞ ትቶ የዲስኩን ፓርቲሽኖች ዝርዝር ከኤልኤስቢኤልኬ መቀበል ነው፤ ከርነሉ የሚያውቀውን ስም እኛ የምንገምትበት ምክንያት የለም። ይህንኑ ልማድ ስክሪፕቱ በሌላ ቦታ እንዳይደግመው ሁሉንም ያስሱ፤ ብዙውን ጊዜ ዲስኩን ለማጽዳት በተጻፈው ክፍል ውስጥም ይደበቃል፤ እዚያ ሲሳሳት ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው።

አልፎ አልፎ መጥፋቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። ቪኤምዲ በመጀመሪያ ግዛቱን ይከፍታል፣ ከዚያ ያ ግዛት ይታሰሳል፣ ከዚያ የኤንቪኤምኢ ድራይቨር ዲስኩን ያነቃል፤ ይህ ሁሉ ኢኒት ከሚጀምርበት ጊዜ ጋር ጎን ለጎን የሚካሄድ ስለሆነ ስክሪፕቱ አንዳንድ ጊዜ ይቀድማል። መሣሪያዎችን የሚከታተለው ዩዴቭ ካለዎት ዩዴቭአድም ሴትል የሚለውን ትእዛዝ ከመፈለግዎ በፊት ያስኪዱ። ከሌለዎት ደግሞ በሲስ ማህደር ውስጥ ያለውን የብሎክ መሣሪያዎች ዝርዝር በየሰኮንዱ እያየ እስከ 15 ሰኮንድ የሚጠብቅ አጭር ዙር ይጻፉ። በጭፍን ለ5 ሰኮንድ ተኛ ማለት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ዛሬ ይሠራና ቀርፋፋ ዲስክ በመጣ ቀን ይከዳዎታል።

ከዚህ አልፈው ወደ ሥራ ከመግባትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን እንዲያዩ አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ፤ ሁለቱም የሰው መረጃ የሚጠፋባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ሬይድ ነው። ቪኤምዲ በርቶ ሁለት ዲስኮች ያሉት ኮምፒውተር ላይ ባለቤቱ በባዮሱ አማካይነት ሁለቱን አጣምሯቸው ሊሆን ይችላል። ከርነሉ ግን ሁለቱን ዲስኮች ለየብቻቸው አድርጎ ያቀርብልዎታል፤ ማጣመሩ በዲስኮቹ ላይ በተጻፈ የኢንቴል መግለጫ ብቻ የሚታወቅ ነው። ስክሪፕትዎ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ኢሜጅ ቢጽፍበት ጥምረቱን ያፈርሰዋል። ኤምዲአድም የተባለው የሬይድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ይህን መግለጫ ማንበብ ይችላል፤ በኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ ጨምረው ዲስኮቹን አስቀድሞ እንዲመረምር ያድርጉ። የጥምረት አባል የሆነ ዲስክ ሲገኝ ስክሪፕቱ ምንም ሳይጽፍ ይቁም፣ ወይም ኤምዲአድም አገጣጥሞ በሚፈጥረው በኤምዲ126 ዓይነቱ መሣሪያ ላይ ይሥራ።

ሁለተኛው የሴክተር (የዲስኩ ትንሹ የማንበቢያና የመጻፊያ ክፍል) መጠን ነው። አብዛኞቹ የኤንቪኤምኢ ዲስኮች በ512 ባይት ሴክተር ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ በ4096 የሚመጡም ግን አሉ። የጂፒቲ (የፓርቲሽኖች) ሰንጠረዥ ዋናው ራስጌ ሁልጊዜ በሴክተር 1 ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ይህ በአንደኛው ከዲስኩ መጀመሪያ 512ኛው ባይት፣ በሌላኛው 4096ኛው ባይት ማለት ነው። ከአንዱ የተነሳ ሰንጠረዥ በሌላው ላይ እንዳለ ቢጻፍ ዲስኩ ባዶ ይመስላል። ሰንጠረዡን ብቻ አስተካክሎ ማለፍም አይበቃም፤ የዊንዶውስ የፋይል ስርዓት የሆነው ኤንቲኤፍኤስ የሴክተሩን መጠን በራሱ የማስነሻ ሴክተር ውስጥ ስለሚጽፍ በ512 የተነሳው ኢሜጅ በ4096 ዲስክ ላይ አይሠራም። ኢሜጅ ሲያነሱ የዲስኩን የሴክተር መጠን በብሎክዴቭ ትእዛዝ ጠይቀው ከኢሜጁ ጋር ያስቀምጡት፤ ሲመልሱ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ስክሪፕቱ እምቢ ይበል።

ይህን ለመሞከር ላፕቶፕ ማበላሸት አያስፈልግዎትም። ኪዩኢሙ የተባለው የኮምፒውተር አስመሳይ ፕሮግራም የኤንቪኤምኢ ዲስክ ማስመሰል ይችላል፤ የሴክተሩን መጠንም 4096 ብለው ሊሰጡት ይችላሉ። የስሙን፣ የጊዜ አጠባበቁንና የሴክተሩን ማጣሪያ በዚያ ላይ ፈትነው ሲጨርሱ ቪኤምዲውን በእውነተኛው ላፕቶፕ ላይ ያረጋግጡት።

ምላሽ 1

የመጀመሪያውን ምላሽ የጻፍኩት እኔ በሦስተኛው ምላሽ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢሜጁን የሚያነሱበትና የሚጽፉበት ኮምፒውተር በባዮስ የማከማቻ ሁኔታቸው አንድ መሆን አለበት። ቪኤምዲ ከጠፋበት የተነሳ ዊንዶውስ የቪኤምዲ ድራይቨር አስቀድሞ ካልተጫነበት፣ ቪኤምዲ በበራበት ላይ ሲጻፍ ያው እርስዎ ያዩትን ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፤ ቁጥሩ 0ኤክስ7ቢ ነው። መረጃው በሙሉ በትክክል ተገልብጦ ሳለ ኢሜጁ የተበላሸ ያስመስላል። የመቆጣጠሪያውን የፒሲአይ መለያም ከሴክተሩ መጠን ጋር በኢሜጁ መግለጫ ውስጥ ቢያስመዘግቡ ለወደፊቱ ብዙ ግምት ያስቀርልዎታል።

ከጠያቂው

የፓርቲሽኖቹን ስም ከኤልኤስቢኤልኬ እንዲወስድ አድርጌ ስክሪፕቱን አስተካክያለሁ፤ እንደተባለውም ዲስክ በሚያጸዳው ክፍል ውስጥ ያው ስህተት ተደብቆ ነበር። ዩዴቭ ስለሌለን እስከ 15 ሰኮንድ የሚጠብቀውን ዙር ጻፍኩ፤ ከዚያ ወዲህ 20 ጊዜ አስነስቼ 20ውንም ጊዜ ዲስኩ ተገኝቷል። ኤምዲአድምን ስጨምር ኢኒትራምኤፍኤሱን በሲአርሲ32 አመቅሁት፤ ያለ ችግር ተነሳ። በኪዩኢሙ ላይ 4096 ሴክተር ባለው ዲስክ የድሮውን ኢሜጅ ልጽፍ ስሞክርም ስክሪፕቱ ምክንያቱን ገልጾ ቆሟል። ከላፕቶፖቹ በአንዱ ላይ ኢሜጅ አንስቼ ቪኤምዲ እንደበራ በሌላው ላይ ጻፍኩት፤ ዊንዶውሱ ተነስቷል።

ያልጠበቅሁት አንድ ነገርም ተስተካክሏል። ስክሪፕቱ ኢሜጁን ጽፎ ሲጨርስ በኢኤፍአይ ቡትማኔጀር አማካይነት የማስነሻ መዝገብ ለመጨመር ሲሞክር እስከ ዛሬ ሁልጊዜ ይከሽፍበት ስለነበር መዝገቡን በእጃችን ነበር የምናስገባው። ከርነሉ 64 ቢት ከሆነ ወዲህ ያ አለመጣጣምን የሚናገረው መልእክት ጠፍቷል፤ መዝገቡም በራሱ ይገባል። ሳታ ዲስክ ያላቸውን የቀድሞ ኮምፒውተሮች በዚሁ ከርነል ሞክሬ ሠርተዋል፤ ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት የማይችል ሦስት ብቻ ስለቀሩን ለእነርሱ የድሮውን ከርነል በግራብ ዝርዝር ውስጥ ለብቻው ትቼላቸዋለሁ።